ቀባሪ ወዳለበት

አማርኛ ሲመርቅ ሞትን አይዘልም። ዕድሜና ጤና ከተመኘ በኋላ «ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ሰውየው ያረፈ እንደሆነ ደግሞ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ይላል። ሁለቱም ከአፋችን ስለማይጠፉ ምን እንደሚሉ ማድመጥ ትተናል። የመጀመሪያው የሚለምነው ሰው ነው፤ የሚያጥብ፣ የሚገንዝ፣ የሚሸከም፣ አፈር የሚያለብስ፣ ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው። ሁለተኛው የሚለምነው አፈሩ እንዳይከብድ ነው። ሥጋው እንዳይፈርስ፣ ፊቱ የተኛ ሰው መስሎ እንዲቆይ፣ አፈር ጨርሶ እንዳይነካው የሚለምን ምርቃት ግን በቋንቋችን አላገኘሁም።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዋሽንግተንና ከቶሮንቶ፣ ከለንደንና ከፍራንክፈርት፣ ከሪያድና ከዱባይ በአውሮፕላን ተጭኖ ቦሌ የሚደርስ አስከሬን ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ከኋላው መዋጮ አለ፣ የወረቀት ሩጫ አለ፣ የቀናት አንዳንዴም የሳምንታት ጥበቃ አለ። ይህን ሁሉ የሚያስችለው አስከሬንን በመድኃኒት የማቆየት ሥራ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኢምባልሚንግ ይሉታል። አገር ቤትም ቢሆን ልጆች ከውጭ እስኪገቡ ሬሳን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት በከተማው ነዋሪ ዘንድ እየተለመደ ነው። በዚህ መሐል አንድ ሐሳብ ሳናስተውለው ገብቶብናል፤ ሙት የሚከበረው በድኑ ሳይፈርስ ረጅም መንገድ ሲጓዝለት ነው የሚል። እኔ የሙት ክብር መለኪያው የበድኑ ይዞታም የመቃብሩ አድራሻም አይደለም፣ ቀባሪው ነው እላለሁ። አስከሬን መሄድ ያለበት ቀባሪ ወዳለበት ነው፤ ቀባሪው አገር ቤት ከሆነ ወደ አገር ቤት፣ እዚያው በሞተበት ከሆነም እዚያው።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ በግልጽ እናውራ፤ በለቅሶ መሐል ወረቀት የሚፈርም ቤተሰብ ይህን የሚጠይቅበት ልብ የለውምና። ባለሙያው በአንገት ወይም በሌላ ቦታ አንድ የደም ሥር ከፍቶ በፎርማሊን የተዘጋጀ ፈሳሽ በግፊት ያስገባል፤ ደሙ በሌላ የደም ሥር ወጥቶ በፍሳሽ መስመር ይሄዳል። በደረትና በሆድ ውስጥ ያለው በረጅም መምጠጫ ይወጣና በምትኩ መድኃኒት ይጨመራል። ከዚያ ፊት ይስተካከላል፣ ይኳኳላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሥጋው ዘላለማዊ አይሆንም። ለቀብር የሚደረገው ዓይነት መበስበስን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ያዘገያል፤ ከዚያ በኋላ አፈር ድርሻውን ይወስዳል። ለሠራተኞቹም ቀላል ነገር አይደለም፤ ፎርማሊን የሚሠራበትን ፎርማልዴሃይድ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል።

የዚህ ሙያ ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ የግብፅን ፒራሚዶች ያስባል። ዛሬ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን የፈርዖኖቹ ሳይሆን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 የሰሜን ወታደሮች ከቤታቸው እጅግ ርቀው ደቡብ ምድር ላይ አለቁ። ወላጆች ልጃቸው በባዕድ መሬት፣ በጠላት እርሻ ዳር እንዳይቀር ፈለጉ። ባቡር ነበረ፤ በበጋው ሙቀት ግን ሬሳ አይደርስም። ቶማስ ሆልምስ የተባለ ሰው በግንቦት 1861 የተገደለውን የኮሎኔል ኤልመር ኤልስወርዝን አስከሬን በመድኃኒት አቆይቶ ስሙ ገነነ፤ ሠራዊቱን ተከትለው ድንኳን የሚተክሉ የሬሳ ባለሙያዎችም ወዲያው በዙ። አጭበርባሪው ከመብዛቱ የተነሣ የጦር መሥሪያ ቤቱ በ1865 ሥራውን በፈቃድ የሚያስተዳድር ትእዛዝ እስከማውጣት ደረሰ። ልብ እንበል፤ ጥያቄው የቤተሰብ ናፍቆት ነበር፣ መልሱ ደግሞ የማጓጓዣ ዘዴ። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ በዋናነት የተፈለገው ለመንገድ እንጂ ለክብር መግለጫ አልነበረም።

ዘዴውን ወደ ወግ የለወጠው የአንድ ሰው ቀብር ነው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1865 ሲገደል አስከሬኑ ከዋሽንግተን እስከ ስፕሪንግፊልድ፣ ኢሊኖይ ድረስ ከ2,600 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር ተጓዘ፤ ጉዞው ሁለት ሳምንት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። በየከተማው ሣጥኑ እየተከፈተ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ፊቱን አየ። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ያ ፊት እየጠቆረ ሄደ፤ አብረው የተጓዙት ባለሙያዎችም ዱቄት እየቀቡ ይሸፍኑት ነበር። ያንን ቀብር ያየ ትውልድ ለአባቱም እንደዚያው እንዲደረግለት ጠየቀ። ለመንገድ የተፈለገው መድኃኒት ሁለት ጎዳና ተሻግሮ ለሚቀበር ሰው ሁሉ የሚደረግ ሆነ። ንግዱ ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄሲካ ሚትፎርድ የምትባል ጸሐፊ የቀብር ንግዱን ጓዳ ገልጣ በመጽሐፍ አወጣችው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ደንብ ሕግ ሳያዝዝ «ሕግ ያዝዛል» ብሎ አስከሬን በመድኃኒት በማቆየት ማስከፈልን ከለከለ። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የቀብር አስፈጻሚዎች ማኅበር ባወጣው አኀዝ ሣጥን ተከፍቶ የሚታይበት መደበኛ ቀብር መካከለኛ ዋጋው 8,300 ዶላር ነበር፤ የመቃብር ቦታው ሳይታሰብ። አሜሪካውያኑ ራሳቸው ደግሞ ፊታቸውን እያዞሩ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሙታን ዛሬ በእሳት ይቃጠላሉ። ለእኛ እምነትና ስሜት የሚሆን መንገድ አይደለም፤ ቢሆንም እኛ ገና ስንገባበት ባለቤቶቹ እየወጡበት መሆኑን ማወቁ አይከፋም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አንድ ክርስቲያን ሲያርፍ ዓይኑን የሚከድን፣ አገጩን የሚያስር፣ የሚያጥበው፣ በነጭ መግነዝ የሚገንዘው የሚያውቀው ሰው ነው። ካህናቱ መጽሐፈ ግንዘት ያነብባሉ፣ ይፈታሉ። ሙስሊሙም በገዛ ወገኑ እጅ ታጥቦ፣ በከፈን ተጠቅልሎ፣ የጀናዛ ሶላት ተሰግዶበት ያለ ሣጥን ከአፈር ይገናኛል። ሁለቱም ሃይማኖቶች አይዘገዩም፤ ቢቻል በዕለቱ፣ ካልተቻለ በማግሥቱ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጓዳ ገብቶ በሩን የሚዘጋ ባለሙያ የለም። ሥራው የተከፋፈለው ሟቹን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው፤ ክብሩም ከሥራው የሚለይ ነገር አይደለም። የጎረቤት እጅ ያጥባል፣ የጎረቤት ትከሻ ቃሬዛ ይሸከማል፣ የጎረቤት ሴት ንፍሮ ትቀቅላለች።

እድር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ይነግረናል። የታሪክ ሰዎች አጀማመሩን በተለያየ መንገድ ይተርኩታል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በከተሞች፣ ከየገጠሩ በፈለሰው ሕዝብ መካከል መስፋፋቱ ግን አያከራክርም። ከመንዝ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ አዲስ አበባ የገባ ሰው ዘመዱ ሩቅ ነው። ሲሞት ሬሳውን ወደ ትውልድ መንደሩ በበቅሎ መመለስ የማይታሰብ ነገር ነበር። ምን አደረገ? ከአጥር ማዶ ያለውን ሰው፣ ዘሩም ሃይማኖቱም ሌላ የሆነውን፣ ዘመድ አደረገው። መዝገብ ከፈተ፣ ዳኛና ጸሐፊ መረጠ፣ ድንኳንና ብረት ድስት ገዛ፣ ጎሕ ሲቀድ የሚነፋ ጡሩምባ ሰጠ። አሜሪካዊው በጦርነቱ ዘመን የገጠመው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ከወገኑ ርቆ የሞተ ሰው እንዴት ይከበር? እሱ ሬሳውን ወደ ዘመዱ የሚያደርስ ዘዴ ፈለሰፈ። እኛ ሬሳው ባለበት ዘመድ ፈለሰፍን። ከሁለቱ ፈጠራዎች የቱ የረቀቀ እንደሆነ ለመናገር ኬሚስት መሆን አያስፈልግም።

የእድርን መተዳደሪያ ደንብ ላስተዋለ ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ወርሃዊ መዋጮ መክፈል ብቻውን አይበቃም። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳን ለመትከል ተራው ደርሶ ያልመጣ ይቀጣል። ገንዘብ የአካልን ቦታ እንዳይወስድ አባቶቻችን ጽፈው፣ ቅጣት አበጅተው ዘግተውታል። አንዳንዱ ዛሬ ይህን ኋላ ቀርነት ነው ይላል፤ ሥራ ላይ የዋለ ሰው እንዴት በቀትር ቀብር ይወጣል ብሎ ይሟገታል። የሥራ ሰዓቱ ነገር እውነት ነው። ደንቡ የሚጠብቀውን ነገር ግን አንሳት፤ ሰው ሲሞት የሚጎድለውን ቦታ በሰው እንጂ በብር አንሞላውም የሚል ነው።

በካርጎ የሚመጣውን አስከሬን በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። አየር መንገዶችና ተቀባይ አገሮች አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ለመቆየቱ ማረጋገጫ፣ በብረት የተለበጠና የታሸገ ሣጥን፣ የቆንስላ ማኅተም ይጠይቃሉ። ያጠበውም ያለበሰውም የማያውቀው ባለሙያ ነው። እዚያ ያሉት ወዳጆቹ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት አብረውት ቡና የጠጡት፣ ድርሻቸው መዋጮና ሽኝት ሆኖ ይቀራል፤ ቀባሪ መሆን ሲገባቸው ላኪ ይሆናሉ። እዚህ ያሉት ደግሞ የሚቀበሉት እንዳይከፈት የታሸገ ሣጥን ነው። እናት ሣጥኑን ታቅፋለች፤ ውስጡ ያለውን አትነካውም። ግንዘት የለም፣ መግነዝ የለም፣ ቃሬዛ የለም። ፍትሐቱና ድንኳኑ አሉ፤ ግን ያለ በድን ለሚደረግ ለቅሶም ቢሆን ይኖሩ ነበር። ይህን ያህል ዋጋ ተከፍሎ ሁለቱም ወገን ከቀባሪነት ሥራው ተነጥቆ መቅረቱ ነው እንግዲህ የሚያስቆጨኝ።

ያለ በድን ለቅሶ ይሆናል ወይ የሚል ካለ መጋቢት 2011ን ያስታውስ። መጋቢት 1 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ሳይርቅ ቢሾፍቱ አካባቢ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። በሳምንቱ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለ17ቱ ኢትዮጵያውያን የተዘጋጁት ሣጥኖች በድን አልነበረባቸውም። የሟቾቹን ማንነት በዘረ መል ምርመራ መለየት ወራት ይፈጅ ስለነበር ለቤተሰቦች ከአደጋው ስፍራ የተወሰደ አንድ አንድ ኪሎ አፈር ተሰጣቸው። አፈር ተቀበረ። ያንን ቀን በድን ስለሌለ ቀብር አልነበረም ያለ አለ? ካህናቱ ፈቱ፣ እናቶች ፎቶ ይዘው አለቀሱ፣ ከተማው ወጣ። የቤተ እስራኤል ልጆችም ይህን ያውቁታል፤ በ1970ዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ሰፈር ካለቁት 4,000 ገደማ ወገኖቻቸው አብዛኞቹ መቃብራቸው የት እንደሆነ አይታወቅም፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ በቆመው መታሰቢያ ግን በየዓመቱ ይታሰባሉ።

በተቃራኒው፣ በድኑ እያለ ክብር የተነፈገበትን ዘመን ይህ አገር አይረሳም። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጁን መንገድ ላይ ተጥሎ ያየ ወላጅ እንዳያለቅስ ተከልክሏል፤ ለጥይቱ ዋጋ የከፈለም ነበር። ደርግ ቅጣቱን ያሳረፈው ለቅሶው ላይ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በነሐሴ 1967 ሞቱ ከተባለ በኋላ ቀባሪ ሳያገኙ ቆዩ፤ አፅማቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጥቶ በሥርዓት የተቀበረው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው። በእነዚያ 25 ዓመታት የጎደለው የሥጋ መቆየት አልነበረም።

ለዚህ ሙግት የሚቀርበውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ቀላልም አይደለም። «ያገሬ አፈር ይብላኝ» ይላል ስደተኛው። የሟች ኑዛዜ ነው፣ ማን ይሽረዋል? ደጋፊዎቹ መጽሐፍም ይጠቅሳሉ፤ ያዕቆብ በግብፅ ሞቶ በመድኃኒት 40 ቀን ተሰናድቶ ወደ ከነዓን አልተወሰደምን? ዮሴፍስ አፅሙን ይዘው እንዲወጡ ወንድሞቹን አላስማለም? መልሴ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው ነው። ያዕቆብን ልጆቹ በሙሉ ተከትለውት ወጥተዋል፤ ቀባሪው ሳይነጠለው አብሮት ሄደ። ዮሴፍ ደግሞ ወዲያው ውሰዱኝ አላለም፤ እናንተ ስትወጡ ይዛችሁኝ ውጡ ነው ያለው። ሕዝቡ በግብፅ እስካለ ድረስ እሱም በግብፅ ቆየ። ያዕቆብ የተመኘው ያ የአባቶቹ መቃብርስ የማን ነበር? አብርሃም በባዕድ አገር ሳለ ሣራ ስትሞትበት ከኬጢያዊው ኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር የገዛው ዋሻ ነው። በተስፋይቱ ምድር የመጀመሪያ ይዞታው መቃብር ነበር፤ የገዛውም «እኔ እንግዳና ስደተኛ ነኝ» ብሎ ነው። ለልጅ ልጆቹ «ያገሬ አፈር» የሆነው አንድ ስደተኛ ሚስቱን የቀበረበት መሬት ነው።

ኑዛዜን ማክበር ግድ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ኑዛዜው የሚነገረው ብዙ ጊዜ ቀባሪ እንዳይጠፋ ከሚል ፍርሃት ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ የገባው ሰው ቢሞት ማን ይቀብረው ነበር? ካህን እንደ ልብ አይገኝም ነበር፣ መስጊዱ ሩቅ ነበር፣ እድርም እንደ ዛሬ አልተስፋፋም ነበር። ዛሬ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቄስ አለ፣ ኢማም አለ፣ መዝገብ ያለው እድር አለ፣ ድንች ወጥ ይዘው የሚመጡ ሴቶች አሉ። ሙት ዓመት ሊያወጡ የሚችሉት ልጆችም እዚያው ናቸው። አባታቸው አዲስ አበባ የተቀበረ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አበባ የሚያስቀምጡበት ድንጋይ የላቸውም፤ አዲስ አበባ ያለው መቃብር ደግሞ የሚያውቀው ሰው እያነሰ ይሄዳል። ከተማይቱ መቃብር እያጣበባት፣ የቆየውን እያነሣች፣ አዲሱን እየደራረበች መሆኑም አይዘነጋ። ይህን ሰው ወደ አገሩ ላክነው ስንል ከቀባሪዎቹ ነጥለነው እንደሆነስ?

የእናት ነገር ግን አለ። መርዶ የተነገራት እናት እርሟን የምታወጣው ልጇን ስታገኝ ነው ይባላል። እርም የማውጣትን ክብደት የማያውቅ ሰው ስለ ለቅሶ ባይጽፍ ይሻለዋል። ሆኖም እርም በበድን ብቻ አይወጣም። በዘመነ መሳፍንትም ከዚያ በኋላም ከዘመቻ ያልተመለሰ ሰው ልብሱ፣ ጋሻው፣ የተጫነ ፈረሱ ለቅሶ ሜዳ ላይ ወጥቶ ሙሾ ይወረድለት ነበር፤ አልቃሿ ፈረሱን እያየች ግጥም ትደረድር ነበር። ዓድዋ ለቀሩት በዚህ ዓይነት ነው የተለቀሰላቸው። ያ ሥርዓት የተበጀው በድን እንደማይመጣ ለሚያውቅ ሕዝብ ነው። የታሸገ ሣጥንና የባለፈረሱ ጋሻ ለእናት ዓይን ምን ያህል ይለያያሉ? ሣጥኑ ውስጥ እሱ አለ ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ ይለያያል። በዚህ አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ አላሸነፍኩም። እናት ብቸኛ ቀባሪ የሆነችለት ሰው ከሆነ ይመጣላት፤ ቀባሪ ወዳለበት ማለት ይኸው ነው።

ሌላው ተቃውሞ በድንን ማቆየት ለእኛም ባዕድ አይደለም የሚል ነው። ትክክል ነው። በኮንሶ የጎሳ ታላቅ የሆነው ፖቀላ ሲሞት አስከሬኑ ተሰናድቶ ዘጠኝ ዓመት፣ ዘጠኝ ወር፣ ዘጠኝ ቀን የሚቆይበት ልማድ ነበረ፤ እስከዚያ ታመመ እንጂ ሞተ አይባልም ነበር። በላስታ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ በዋሻው ውስጥ በአየሩ ደርቀው የቆዩ ብዙ በድኖችም አሉ፤ እነዚያ ግን ማንም መድኃኒት አልቀባቸውም። የኮንሶው ልማድ ለተራ ሰው አይደረግም ነበር። የሚቆየው ሥልጣን እንጂ ሰውየው አልነበረም፤ ተተኪው እስኪደላደል ሕዝቡ እንዳይናወጥ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ሞት በ1906 ያለ ይፋ ለቅሶ መቆየቱም የዚሁ ዘመድ ነው። በሞስኮም ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሞት ባለቤቱ ክሩፕስካያ በአደባባይ፣ በጋዜጣ፣ ሐውልትና አምልኮ አታብጁለት ብላ ለመነች፤ ሥልጣን ግን በድኑን ፈለገው፣ አልሰማትም፣ ዛሬም በመስታወት ውስጥ ነው። ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸው የሚያቆሙት ከእንጨት የተቀረጸ ዋካ ነው፤ በድኑ አፈር ገብቶ ዋካው ፀሐይና ዝናብ ይመታዋል። እኔ ለዋካው አደላለሁ።

በባሕረ ሰላጤው ያለው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ሚዛኑ ወደዚያ ማዶ ያጋድላል። በሪያድ ወይም በኩዌት በቤት ሠራተኛነት ያለች ልጅ ስትሞት በአብዛኛው እድር የላትም፣ ከጎኗ ወገን የላትም፣ ወረቀቷም በአሠሪዋ እጅ ነው። የምትቀበርበት መሬት ጠፍቶ ሳይሆን የሚያለቅስላት ጠፍቶ ነው የቸገራት። እሷ መምጣት አለባት፤ የፈለገውን ያህል ያስወጣ። በመካና በመዲና ያረፈ ሙስሊም ስለዚያ መቃብሩ እንደሚደሰት አውቃለሁ፤ የምናገረው ብቻዋን ስለሞተችው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ በድኗ ማስረጃ ነው። ከሰገነት ወደቀች፣ ራሷን ሰቀለች ተብሎ ሲነገር ቤተሰቧ ማየት፣ ማስመርመር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አለ፤ በመድኃኒት የማቆየቱ ሥራ ደሙን አውጥቶ በኬሚካል ስለሚተካ የመርዝ ምርመራን ያበላሻል፤ መምጠጫውም አዲስ ቀዳዳ ይተዋል። አሟሟቷ የሚያጠራጥር ከሆነ የአስከሬን ምርመራው መቅደም ያለበት ከዚህ በፊት ነው። የቆንስላ ሠራተኛም ሆነ በዚያ ያለ የማኅበር ሰው ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን ቅደም ተከተል ቢያስከብር ለዚያች ልጅ ትልቅ ነገር አደረገ። የልዑል ዓለማየሁም ጥያቄ ከዚህ ወገን ይመደባል። ከመቅደላ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 እንግሊዝ አገር የሞተው ልጅ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ነው የተቀበረው፤ ከወገኑ ግን የቀበረው የለም። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አፅሙን ማውጣት የሌሎችን መቃብር ያናውጣል ብሎ እንቢ አለ፤ የጠየቅነው ግን ስለ መቃብሩ ማማር አይደለም።

ዋጋው የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፣ አንተ ምን አገባህ የሚልም ይኖራል። ቤተሰቡ ከኪሱ ቢያወጣ አያገባኝም። ብዙ ጊዜ ግን የሚወጣው ከማኅበረሰቡ መዋጮ ነው፤ በስልክ ቡድን፣ በጎፈንድሚ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ። ከዚያ ይሉኝታው ይመጣል። እዚያው ልቅበረው ያለች ሚስት «ወንድማችንን ባዕድ መሬት ላይ ጣለችው» ትባላለች፤ አቅም የሌለው ቤተሰብ ዕዳ ይገባል። የውጭ እድሮች ደንባቸውን ሲያሻሽሉ ይህን ይሉኝታ መስበር ይችላሉ። የሚከፈለው ገንዘብ አስከሬኑ ቢላክም እዚያው ቢቀበርም እኩል ይሁን፤ ዛሬ ለመላኪያ ብቻ የሚከፍለው ደንብ ሳያውቅ ይመርጣል። አባሉ በሕይወት ሳለ ፍላጎቱን በመዝገቡ ያስፍር። መድኃኒቱ በሕግ ወይም በአየር መንገዱ ካልተጠየቀ ማቀዝቀዣ ይበቃል ይባል። እዚያው ከተቀበረ እጥበቱና ግንዘቱ ለወዳጆቹ ይመለስ፤ የቀብር ቤቶቹ ቤተሰብ ልጠብ ሲል በአብዛኛው አይከለክሉም፣ የሚጠይቅ ነው የጠፋው።

በዚህ መንገድ የሚተርፍ ገንዘብ አለ። የቨርጂኒያው እድር አባሉን በልጆቹና በወዳጆቹ እጅ ፌርፋክስ ቀብሮ የቀረውን ካዝናው ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል፤ ደንቡ ከፈቀደ ግን ለማያውቃት፣ መዝገብ ላይ ስሟ ለሌለ፣ ወርሃዊ ላልከፈለች የጅዳ ሟች የምርመራውንና የአውሮፕላኑን ይክፈል። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያለው የእናቷ እድር ጡሩምባውን ነፍቶ፣ ድንኳኑን ተክሎ ቦሌ ይጠብቃት።